ያለ እሳት የሚያበስል ቅርጫት

ምግብን የሚያበስለው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለማንም ሰው ብናቀርብለት «እሳት ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ሙሉ አይደለም። ምግብን የሚያበስለው ሙቀት ነው። እሳት ሙቀቱን ይሰጣል እንጂ ራሱ ድስት ውስጥ ገብቶ አያበስልም። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህን ልዩነት የተረዳች ባለቤት ሦስት ሰዓት እሳት የሚፈጅባትን ንፍሮ በአንድ ሰዓት እሳት ልታበስለው ትችላለች። እንዴት ቢሉ፣ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

አንድ ድስት ውሃ ምድጃ ላይ እንጣድ። ውሃው መጀመሪያ ለብ ይላል። ከዚያ ይሞቃል። በመጨረሻም ይንተከተካል። አሁን እንጨት ብንጨምርበት ውሃው የበለጠ ይሞቃልን? አይሞቅም። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ምንም ያህል ቢማገድበት ሙቀቱ እዚያው ላይ ይቆማል። የጨመርነው እንጨት ውሃውን እንፋሎት እያደረገ ወደ ጣራ ይሰደዋል እንጂ ባቄላውን አያፈጥነውም። እሳቱ ደምቆ ቢያንተከትከው፣ ዝግ ብሎ ቢያንተከትከው፣ ባቄላው የሚበስልበት ሰዓት ያው ነው።

ታዲያ ከፈላ በኋላ እሳቱ ምን ይሠራል? ድስቱ በጎኑና በክዳኑ የሚያጣውን ሙቀት ይተካል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። የተሸነቆረ እንስራን ሙሉ ለማድረግ ሲቀዱበት እንደ መዋል ማለት ነው። የፈሰሰውን ያህል ይጨመራል፤ የተጨመረው ደግሞ ይፈስሳል። ሽንቁሩን መድፈን አይሻልም? ያለ እሳት የሚያበስለው ቅርጫት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ድስቱ እሳት ላይ በደንብ ከፈላ በኋላ ይወርድና ጭድ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ይከተታል። ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ምግቡም በገዛ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይበስላል።

ጭድ እንዴት ሙቀት ይይዛል? ብርድ ሲመጣ ቡልኮ እንለብሳለን። ቡልኮ እሳት የለውም። የሚያሞቀን የራሳችን የሰውነት ሙቀት ነው፤ ቡልኮው እንዳይወጣ ይከለክለዋል። የሚከለክለውም በክሩና በክሩ መካከል ተይዞ በቀረው አየር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። የጭድም ምስጢሩ ይኸው ነው። የጤፍ ጭድ፣ የገብስ ጭድ፣ ደረቅ ሣር፣ የበግ ጠጉር፣ የጥጥ ትርፍራፊ፣ አሮጌ ጨርቅ ሁሉም ያገለግላሉ። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ስለሆነ ይመረጣል። ነገር ግን ከብቶች መኖ ባጡበት ወር ከአፋቸው መንጠቅ አያስፈልግም፤ ደረቅ ሣር ይበቃል።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1867፣ ማለትም አፄ ቴዎድሮስ ከማረፋቸው አንድ ዓመት በፊት፣ በፓሪስ ከተማ በተደረገ ታላቅ የዕቃ ትርኢት ላይ የኖርዌይ ሰዎች ያለ እሳት የሚያበስል ሳጥን ለሕዝብ አሳይተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ማገዶና ጋዝ ስላጠረ የእንግሊዝ ባለቤቶች ሣር በሞሉት ሳጥን ውስጥ ወጣቸውን ያበስሉ ነበር። ያን ጊዜ ለእነሱ የማገዶ እጥረት የጦርነት ችግር ነበር። በእኛ ገጠር ግን የየዕለቱ ችግር ነው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል። ጢሱም አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ በሚጨስ ማገዶ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ምድጃ አጠገብ እንደሚውል የማያውቅ የለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። አንድ ሰፊ ቅርጫት ይፈለጋል። የቀርከሃ ቢሆን፣ የሸምበቆ ቢሆን፣ ወይም የእንጨት ሳጥን ቢሆን ግድ የለም። ስፋቱ ድስቱ መሐል ሲቀመጥ በዙሪያው ቢያንስ አንድ ጋት፣ ቢቻል አንድ ስንዝር ቦታ የሚተርፍ ይሁን። ከታች ጭድ አንጥፋችሁ በእጅ ጫን ጫን አድርጉት። ነገር ግን እንደ ጭቃ አትርገጡት። ከመጠን በላይ የታመቀ ጭድ አየር አይኖረውም፤ አየር ከሌለው ደግሞ ሙቀት አይይዝም። ከዚያ ባዶውን ድስት መሐል አስቀምጡና በዙሪያው ጭድ ሙሉበት። ድስቱን ቀስ አድርጋችሁ ስታወጡት የወፍ ጎጆ የመሰለ ጎድጓዳ ይቀራል። በጎድጓዳው ላይ አሮጌ ነጠላ ወይም ሌላ ንጹሕ ጨርቅ አልብሱና ጠርዙን በቅርጫቱ አፍ ዙሪያ ስፉት። ጨርቁ ከሌለ ጭዱ ወጥ ውስጥ ይገባል።

የቀረው መክደኛው ነው። ጭድ የተሞላ ወፍራም ትራስ ሰፍታችሁ የቅርጫቱን አፍ ጥርቅም አድርጎ እንዲዘጋ አድርጉ። ሙቀት ወደ ላይ መውጣት ይወዳልና ትራሱን ማሳሳት ጠቅላላውን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጎኑን አወፍሮ ላዩን በአንድ ጨርቅ ይሸፍናል። ለትራሱም ሆነ ለውስጡ ጨርቅ ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም የአፈር ማዳበሪያ የነበረበትን ጆንያ አትጠቀሙ። ቢታጠብም ምግብ አጠገብ መቅረብ የለበትም።

ድስቱ ብረትም ሸክላም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ክዳኑ ገጥሞ መዝጋቱ ነው። ደግሞም ድስቱ ከግማሽ በላይ የተሞላ ይሁን። አንድ ሰሃን የማይሞላ ወጥ በትልቅ ድስት ውስጥ ቢከተት ሙቀቱ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል። ቅርጫቱ ቤተ ሰብ ይወዳል ማለት ይቻላል፤ ለብዙ ሰው ሲበሰል ነው የሚያምርበት።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ድስቱ ከምድጃ ሲወርድ ቂጡ ላይ ፍም ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል። ፍምና ጭድ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም። እሳቱ ወዲያው ላይነድ ይችላል፤ ጭዱ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ቆይቶ ሰው ቤት በሌለበት ሰዓት ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ድስቱ ከምድጃ እንደ ወረደ ቂጡ ይታይ፤ ወፈር ባለ እርጥብ ጨርቅም ይጠረግ። ቅርጫቱ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ቅርጫቱን ባይሠራው ይሻላል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ቅዳሜ ገበያ ልትሄድ ነው እንበል። ዓርብ ማታ ሽምብራና ስንዴ ለንፍሮ ትነክራለች። ጠዋት የተነከረበትን ውሃ ትደፋና በአዲስ ውሃ ትጥዳለች። ቤቷን እየጠረገች፣ ልጆቿን ቁርስ እያበላች ድስቱ አንድ ሰዓት ያህል ይንተከተካል። ከዚያ ክዳኑ እንደ ተዘጋ ታወርደዋለች። ቂጡን ትጠርጋለች። ቅርጫቱ ውስጥ ትከተዋለች። ትራሱን ትጭንበታለች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሄዳ በ8 ሰዓት ስትመለስ ንፍሮው በስሎ፣ የሚፋጅ ሆኖ ትደርስበታለች። አላረረም፤ ምክንያቱም ከሥሩ እሳት የለም። አልገነፈለም። እሳቱን የሚጠብቅ ልጅም ከትምህርት ቤት አልቀረም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከእንጨቱም ይልቅ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው።

ክክ ወጥ ሲሆን ደግሞ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱና በርበሬው እንደ ልማዱ እሳት ላይ ይቁላላ። ቁሌት በቅርጫት አይሠራም። ክክና ውሃ ተጨምሮ 20 ደቂቃ ያህል ከተንተከተከ በኋላ ቅርጫት ውስጥ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ድንች ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከፈላ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ሩዝም እንዲሁ ነው። ሥጋ በትንንሹ ተከትፎ ቢያንስ 20 ደቂቃ መፍላት አለበት፤ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይቆያል። ትልቅ ሙዳ ሥጋ ግን መሐሉ ሳይሞቅ ይቀራልና አይሆንም። ሽሮስ? ለሽሮ ቅርጫት ምን ያደርግለታል! እሱ እሳት ላይ ትንሽ ተንተክትኮ ያበቃል።

ውሃውን በተመለከተ፣ እንፋሎት ስለማይወጣ ከልማዱ ቀነስ ይደረግ። አራት ጣሳ የሚጨምር ሰው ሦስት ቢጨምር ይበቃዋል። ቲማቲምና ሎሚ ደግሞ ጥራጥሬ ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋሉ። እነሱን ወደ መጨረሻው መጨመር ይሻላል። ድስቱ ቅርጫት ውስጥ ከገባ በኋላ «ደርሶ ይሆን?» እያሉ መክፈት ክልክል ነው። አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር ብዙ ሙቀት ይወጣል፤ እሳት ስለሌለ የወጣውን የሚተካው የለም።

የደጋና የቆላ ነገርም አለ። በደጋ ባቄላ አልበስል እያለ ሰው ሲያስቸግር «ባቄላው ክፉ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ያረጀ ጥራጥሬ ይደነድናል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የባቄላው አይደለም። ውሃ በባሕር ዳርቻ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። መተማ ላይ 98 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይፈላል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን ግን 91 ዲግሪ ገደማ ላይ መንተክተክ ይጀምራል። ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ የደጋ ሰው ከላይ የተጠቀሱትን የመፍላት ደቂቃዎች ረዘም ያድርጋቸው፤ ጭዱንም ያወፍር። ጠንካራ ጥራጥሬ ከሆነ ድስቱን መሐል ላይ አንድ ጊዜ አውጥቶ እንደገና 10 ደቂቃ አፍልቶ መመለስ ይጠቅማል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ላላነበበም ንገሩት።

ቦሎቄና አደንጓሬ፣ በተለይም ቀዩ ቦሎቄ፣ በጥሬነታቸው መርዝ አላቸው። ነጩም አለው፤ ግን ያንሳል። ጥቂት ፍሬ ጥሬ ወይም ግማሽ ጥሬ ቦሎቄ የበላ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያቅለሸልሸዋል፤ ክፉኛ ያስመልሰዋል፤ ከዚያም ያስቀምጠዋል። ይህን መርዝ የሚያጠፋው ኃይለኛ ፍላት ነው። ለብታ ወይም መጠነኛ ሙቀት አያጠፋውም። እንዲያውም በ80 ዲግሪ ገደማ ብቻ የሞቀ ቦሎቄ ከጥሬው የባሰ መርዛም ሊሆን እንደሚችል ታውቋል። እንግዲህ አስቡት! ቦሎቄውን ገና መፍላት ሲጀምር አውርዶ ቅርጫት ውስጥ የከተተ ሰው ምግብ ሳይሆን በሽታ እያበሰለ ነው። ፍሬው ለስልሶ የበሰለ ሊመስል ይችላል፤ መርዙ ግን አለ።

ስለዚህ ቦሎቄ ማታ ተነክሮ ይደር። ጠዋት የተነከረበት ውሃ ይደፋ። በአዲስ ውሃ ይጣድና ክዳኑ እስኪንቀጠቀጥ፣ እየተንፈቀፈቀ 30 ደቂቃ ይፍላ። በደጋ ሲሆን ደግሞ ይጨመርበት። ሰዓት የሌለው ሰው እንጀራ ከመጋገር ጋር አያይዞ ሊለካው ይችላል፤ ወይም ልጆች በስልክ ይቁጠሩለት። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቅርጫት የሚገባው። እዚያም አራት ሰዓት ያህል ይቆያል።

ጓያም ሌላ ነው። የጓያ መርዝ እንደ ቦሎቄው በፍላት ብቻ አይጠፋም። ለወራት ዋና ምግባቸው ጓያ የሆነ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ ይቀራል፤ የሚመልሰውም መድኃኒት የለም። በደምቢያና በፎገራ ይህን የማያውቅ ሽማግሌ አይገኝም። «የሚያሽመደምደው እንፋሎቱ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እንፋሎቱ አይደለም፤ መብላቱ ነው። ጓያን የሚነክር ሰው ውሃውን ደጋግሞ ይድፋ፤ መርዙ በከፊል ከውሃው ጋር ይወጣልና። በተነከረበት ውሃ ድስት ከድኖ ቅርጫት ውስጥ ማዋል ግን መርዙን አብሮ ማሸግ ነው። ከጓያ ይልቅ ሌላ እህል ማብዛት ነው የሚሻለው።

ሌላው አደጋ ለብታ ነው። ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ለብ ባለ ምግብ ውስጥ መራባት ይወዳሉ። በሚፋጅ ምግብ ውስጥ ግን አይራቡም። ወሰኑ 60 ዲግሪ ገደማ ነው። መለኪያ የሌለው ሰው እጁን ይጠቀም። ድስቱ ከቅርጫቱ ሲወጣ መዳፍን ጎኑ ላይ አስደግፎ ማቆየት የማይቻል፣ የሚያስደነግጥ ትኩስ ከሆነ ደኅና ነው። እጅ የሚችለው ሙቀት ከሆነ ግን ጥርጣሬ ይግባን። ለብ ካለ ብዙም ካልቆየ እንደገና አፍልቶ መብላት ይቻላል። ለብ እንዳለ ያደረን ወጥ፣ በተለይ ሥጋ ያለበትን፣ ማፍላት አያድነውም። አንዳንዱ ተሕዋስ የሚተወው መርዝ ውሃ ቢፈላ የማይሞት ነው። ወጥ መድፋት ያማል፤ ልጅን ማሳመም ግን ይብሳል። ቅርጫቱም ምግብ የማሳደሪያ ቦታ አይደለም። ከ6 ሰዓት በላይ ምግብ አታቆዩበት።

በከተማ መብራት ባለበት ቤት ይህንኑ ሥራ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ድስት አለ። ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1940 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘበት። ከ1971 ጀምሮም ክሮክ ፖት በሚል ስም ገበያ ላይ በብዛት ዋለ። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የቁሌት ሽንኩርት በዚህ ድስት ቀኑን ሙሉ ያበስሉበታል። ዝግ ያለ ሙቀት እየሰጠ ስለሚውል እንደ ቅርጫቱ አይበርድም። ነገር ግን እሱም ቢሆን ሙቀቱ ዝግ ስለሆነ ቦሎቄን አያምንም። ከውጭ ዘመድ ይህን ድስት የላከለት ሰው ቦሎቄውን መጀመሪያ በሌላ ድስት አፍልቶ ከዚያ ይገልብጥበት። ክዳኑን ደጋግሞ መክፈትም እዚያም አይጠቅምም።

ቅርጫቱ ሁሉን አይችልም። እንጀራ አይጋግርም፤ ቆሎ አይቆላም፤ ቡና አያፈላም። በቤታችን ብዙውን እንጨት የሚበላው ምጣድ ስለሆነ ለእሱ ምርጥ የሚባለውን ዓይነት እንጨት ቆጣቢ ምድጃ መሥራት ያስፈልጋል። ቅርጫቱ የሚያግዘው ለወጥ፣ ለንፍሮና ለቅቅል ነው።

ክረምት ሲገባ ጭዱ እርጥበት ይስባል። እርጥብ ጭድ ሙቀት አይይዝም፤ ይሻግታልም። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ቅርጫቱን ደጅ አውጥታችሁ አስጡት። ጨርቁ ወጥ ሲነካው ይታጠብ። ጭዱም ሲደቅ ወይም አይጥ ሲገባበት ለከብት ጉዝጓዝ አድርጉትና በአዲስ ጭድ ተኩት።